የአማተር ሥነ ፈለክ ክበባትና የሌሊት ሰማይ ምልከታ፤ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ዞን ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የአማተር ሥነ ፈለክ ክበብ ማለት ሰማይን በሙያ ሳይሆን በፍላጎት የሚያጠኑ ዜጎች በፈቃደኝነት ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። አባላቱ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ አርሶ አደሮችና ጡረተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የክበባቱ ዋነኛ ተግባር ከዋክብትን፣ ፕላኔቶችንና ጨረቃን መከታተል ሲሆን፣ ያዩትንም ለሕዝብ በነጻ ማሳየት የተለመደ አሠራራቸው ነው።

ይህ መረጃ በምዕራብ ጎጃም ዞን የሚገኙ ነዋሪዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ወጣቶች የሥነ ፈለክ ክበብ ለማቋቋም ወይም ለሕዝብ ክፍት የሆነ የምልከታ ምሽት ለማዘጋጀት ሲፈልጉ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይዟል። የዞኑ ገጠር እስከ አሁን ጨለማ ሌሊት ያለው በመሆኑ፣ ውድ መሣሪያ ሳይጠይቅ ለሳይንስ ትምህርት የሚውል ሀብት በእጁ አለ። ይህ ሀብት ጥቅም ላይ የሚውለው ግን የሚያስተባብር ሰው ሲኖርና ጥንቃቄ ሲደረግ ነው።

የክበባቱ ሥራ በዓለምና በአፍሪካ

ቴሌስኮፕን ወደ ሕዝብ አደባባይ የማውጣት ልማድ በስፋት ከሚታወቅባቸው ጅምሮች አንዱ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የታየው ነው። በዚያ ጆን ዶብሰን የተባለ ሰው ከጥቂት ወጣቶች ጋር በመሆን በ1968 እ.ኤ.አ. በእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፕ እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃን ያሳይ ጀመር። ዶብሰን ይጠቀምበት የነበረው በእንጨት ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ቀላል የቴሌስኮፕ ማቆሚያ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሲሆን፣ በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ ስለሚችል በክበባት ዘንድ ተመራጭ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ዓመት ብሎ ባወጀው መሠረት በብዙ አገሮች የምልከታ ምሽቶች ተካሂደዋል። በጎረቤት ኬንያም ቴሌስኮፕ ይዞ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዝ ትራቬሊንግ ቴሌስኮፕ የተባለ ቡድን ይሠራል። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤም በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ተካሂዷል።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

በኢትዮጵያ የዚህ እንቅስቃሴ ዋነኛ ተዋናይ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ሶሳይቲው በአባልነት ላይ የተመሠረተ ተቋም ሲሆን፣ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ክበባት እንዲቋቋሙ ሲያበረታታ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተገነባው የምልከታ ማዕከልም እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በመንግሥት በኩል ዘርፉን የሚመራው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

ሕዝቡ ለሰማይ ያለው ፍላጎት ጎልቶ የታየው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ነበር። በዕለቱ የተከሠተው የቀለበት የፀሐይ ግርዶሽ ከምዕራብ ወለጋ ተነሥቶ በጎጃም በኩል አልፎ ወደ ላሊበላ የዘለቀ ሲሆን፣ በጠባቡ የግርዶሽ መሥመር ላይ የነበሩ ሰዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ፀሐይን በጨረቃ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተመልክተዋል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ደግሞ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስያሜ መርሐ ግብር መሠረት ኢትዮጵያ ለአንድ ኮከብና በዙሪያው ለሚዞረው ፕላኔት ስም የማውጣት ዕድል አግኝታለች። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብለዋል። ቡና በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ብርሃኑ ከዐይን አቅም ጥቂት ያነሰ በመሆኑ በባይኖኩላር ሊታይ ይችላል። አቦልን ግን በክበባት መሣሪያ ማየት አይቻልም፤ መኖሩ የታወቀው በኮከቡ ላይ ከሚያሳድረው የስበት ተጽዕኖ ነው።

የምዕራብ ጎጃም ሰማይ ልዩ ጠቀሜታ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ ለምልከታ ትልቅ ጥቅም አለው። በአውሮፓ የሚኖር ሰው የደቡብን ከዋክብት፣ በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሰው ደግሞ የሰሜኑን ኮከብ ማየት አይችልም። ከምዕራብ ጎጃም ግን በዓመቱ ዑደት ውስጥ ከሰማዩ እጅግ የሚበዛው ክፍል ይታያል። የሰሜኑ ኮከብ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ በሚያህል ከፍታ ከሰሜን አድማስ በላይ ቆሞ ይገኛል፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት ደግሞ በወቅታቸው በደቡብ አድማስ ላይ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብለው ይታያሉ። ከቡሬ በስተደቡብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየዘቀዘቀ ስለሚሄድ፣ አድማሱ ያልተከለለበትን ቦታ የመረጠ ተመልካች የደቡቡን ሰማይ ሳይጋረድበት ሊያይ ይችላል።

ሁለተኛው ጠቀሜታ ከፍታው ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ሲሆን፣ በሰከላና በደጋ ዳሞት ያሉ ደጋማ ቀበሌዎች ከዚህም ይበልጣሉ። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ በመሆኑ የከዋክብት ብርሃን ብዙም ሳይደበዝዝ ከተመልካቹ ይደርሳል።

ምን፣ መቼ ይታያል?

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ደመና ስለሚበዛ መደበኛ ምልከታ ማቀድ አይመከርም። ተስማሚው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በስተሰሜን ከፍ ብሎ እንደ ስስ ጉም ይታያል። ከዐይናችን የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰው ያለ መሣሪያ በቀላሉ ሊያያቸው ከሚችላቸው ነገሮች እጅግ ከራቁት አንዱ ይህ ነው።

በታኅሣሥና በጥር ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን ከአናት በላይ ይወጣሉ። በኦሪዮን ሰይፍ ውስጥ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝ ደመና በባይኖኩላር በግልጽ ይለያል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 5 ቀን ገደማ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ትርኢት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ይህን ለማየት ጨለማ ቦታ፣ ጋቢና ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም።

በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ታላቋ ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀል በደቡብ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ፍኖተ ሐሊብ በመባል የሚታወቀው የራሳችን ጋላክሲ ብሩህ ማዕከል ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ጎሕ ከመቅደዱ በፊት በደቡብ ምሥራቅና በደቡብ በኩል ጎልቶ ይወጣል።

ወደፊት ከሚጠበቁ ክሥተቶች መካከል ሁለቱ ከወዲሁ ዝግጅት ይሻሉ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚከሠተው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ መሥመሩ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በኩል ስለሚያልፍ በኢትዮጵያ በከፊል ብቻ ከቀትር በኋላ ይታያል፤ ጊዜው ክረምት በመሆኑ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ይሆናል። ወሩ በጋ፣ ሰዓቱም ሕፃናት ሳይተኙ የሚያዩት በመሆኑ ለሕዝብ ምልከታ እጅግ ተስማሚ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ በዐይን ላይ ምንም ጉዳት የለውም።

መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ምን ሊሠራ ይችላል?

ክበብ ለመጀመር ቴሌስኮፕ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በየዓመቱ ሚያዝያ 10 ቀን ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 ሲሆን ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የተተከለ በትር ጥላ የለውም። በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የተተከለ የ2 ሜትር በትር ግን በቀትር ወደ ደቡብ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል።

በዚህ ልዩነት ብቻ ተማሪዎች የምድርን ዙሪያ ማስላት ይችላሉ። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤትና በፍኖተ ሰላም የሚገኝ ሌላ ትምህርት ቤት በዕለቱ እጅግ አጭሩን ጥላ ለክተው በስልክ ይለዋወጣሉ። የጥላው ማዕዘን ልዩነት 1.67 ዲግሪ ያህል፣ የሁለቱ ከተሞች የሰሜን–ደቡብ ርቀት ደግሞ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 185 በ360 ተባዝቶ ለ1.67 ሲካፈል 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከምድር ትክክለኛ ዙሪያ ጋር የሚቀራረብ ነው። ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በግብፅ የተጠቀመበት ዘዴ ይኸው ነው። የሚያስፈልገውም በትር፣ ቱንቢና ሜትር ብቻ ነው።

ስለ መሣሪያ ምርጫ

ለጀማሪ ክበብ የመጀመሪያው ግዢ 7×50 ወይም 10×50 የሚል ምልክት ያለው ባይኖኩላር ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛውን መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር የሚያመለክት ነው። በጨለማ የተከፈተ የሰው ዐይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ስለሚሰፋ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ መሣሪያ ከዐይን 50 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። የጨረቃ ጎድጓዶችና ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች እጅ ሳይንቀጠቀጥ ከተያዘ ወይም በማቆሚያ ላይ ከተደገፈ ይታዩበታል። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ባይኖኩላር ወይም ቴሌስኮፕ ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚፈልግ ግለሰብ ወይም ክበብ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አስፈላጊውን ፈቃድና ቀረጥ ከጉምሩክ ኮሚሽን ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ቤት በስጦታ የሚልኩት መሣሪያም ከዚህ አሠራር ውጭ አይደለም።

ክበብ ለማቋቋም የሚከናወኑ ተግባራት

1. በትምህርት ቤት ሥር የሚቋቋም ክበብ ከሌሎች የተጓዳኝ ትምህርት ክበባት ጋር በርዕሰ መምህሩ ይሁንታ ይደራጃል። የፊዚክስ ወይም የጂኦግራፊ መምህር አስተባባሪ ቢሆን ይመረጣል።

2. ከትምህርት ቤት ውጭ ራሱን ችሎ እንደ ማኅበር መቋቋም የሚፈልግ ቡድን ሕጋዊ ምዝገባ ማከናወን አለበት። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ማኅበር በክልሉ ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥያቄውን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል።

3. የሙያ ድጋፍ ለማግኘት ለኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወይም ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። በቡሬ ካምፓስ ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለዞኑ ቅርብ የሆኑ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በመሆናቸው ባለሙያ እንዲመድቡ ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል።

4. ክበቡ የምልከታ መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየር ሁኔታ፣ የታየው ነገርና የተመልካቹ ስም ይሰፍራል። በአካባቢው አረጋውያንና አርሶ አደሮች ዘንድ የሚታወቁ የከዋክብት ስሞችም ተጠይቀው ቢመዘገቡ ከመጥፋት ይድናሉ።

የምልከታ ምሽት አሠራር

ለሕዝብ ክፍት የሆነ የምልከታ ምሽት ከመካሄዱ በፊት ለቀበሌው አስተዳደርና በአቅራቢያው ላለው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በጨለማ በማቆሚያ ላይ የተተከለ ቱቦ መሰል ዕቃ ለማያውቀው ሰው ሥጋት ሊፈጥር ስለሚችል፣ ቴሌስኮፑን አስቀድሞ በቀን ብርሃን ለጸጥታ አካላት ማሳየት ተገቢ ነው። በአካባቢው የሰዓት እላፊ ወይም የእንቅስቃሴ ገደብ በተጣለበት ጊዜ ዝግጅቱ ይተላለፋል፤ ክበቡም የጥላ ልኬትን የመሳሰሉ የቀን ተግባራትን ሊያከናውን ይችላል።

ቦታው የታጠረ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ለመንደር ቅርብ የሆነ ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። በገጠር ጅብ ስለሚንቀሳቀስ ተሳታፊዎች በቡድን መጥተው በቡድን ይመለሳሉ፤ ልጃገረዶችና ሕፃናት ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር እንዲመጡ ይደረጋል። ዝግጅቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቢጠናቀቅ ለሁሉም ይመቻል።

ጨረቃን ለማሳየት ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ግማሽ የሆነችበት ምሽት ይመረጣል። በብርሃንና በጨለማ ድንበር ላይ የተራሮቿ ጥላ ረዝሞ ስለሚወድቅ ጎድጓዶቿ ጎልተው ይታያሉ። ደብዛዛ ነገሮችን ለማየት ግን ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ያስፈልጋል። ዐይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የስልክ መብራት ማብራት የሁሉንም ተመልካች ዕይታ ይመልሳል። የእጅ ባትሪ የግድ ካስፈለገ በቀይ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ተሸፍኖ ጥቅም ላይ ይውላል።

የዐይን ደኅንነት

ፀሐይን በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ያለ ልዩ ማጣሪያ መመልከት በቅጽበት ዐይንን ሊያጠፋ ይችላል። በግርዶሽ ጊዜም በዐይን ብቻ ማየት የብርሃን ተቀባዩን የዐይን ክፍል ያቃጥላል፤ ይህ ክፍል የሕመም ስሜት ስለሌለው ተጎጂው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የተቀባ መስተዋት፣ የፀሐይ መነጽርና በውኃ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ መከላከያ አይሆኑም።

ደኅንነቱ የተጠበቀው አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የሚል ምልክት ያለበት፣ ያልተጫረና ያልተቀደደ የግርዶሽ መነጽር ነው። እርሱም ቢሆን ከባይኖኩላር ወይም ከቴሌስኮፕ ጋር አብሮ አያገለግልም። መነጽር ለሌለው ሁሉ አማራጩ ቀላል ነው፤ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ተበጅቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ በመስጠት፣ በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የተገመጠችው ፀሐይ ምስል ይታያል።

ሥነ ፈለክ፣ ባሕረ ሐሳብና ኮከብ ቆጠራ

የቅኔ ጉባኤዎች በስፋት በሚገኙበት ጎጃም የሰማይ ዕውቀት እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወሰነው የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በማስማማት ነው። በዚህ ስሌት አበቅቴና መጥቅዕ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት፣ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚቀራረቡ ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራንን በምልከታ ምሽት መጋበዝ ተማሪዎች በቴሌስኮፕ ያዩትን ጨረቃ ከሚያውቁት የዘመን አቆጣጠር ጋር እንዲያገናኙ ይረዳል።

ሥነ ፈለክ ግን ከኮከብ ቆጠራ የተለየ ነው። ክበባት የሰውን ዕድል፣ ትዳር ወይም ሕመም በኮከብ አይተነብዩም፤ «ኮከቤን ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸውም ልዩነቱን በአክብሮት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። በምልከታ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም ጥንቆላ የሚያቀርብ ሰው የሥነ ፈለክ ክበብ ተወካይ ተደርጎ አይወሰድም።

የሌሊቱን ጨለማ ስለ መጠበቅ

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሰው ልጅ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በሰው ሠራሽ ብርሃን ምክንያት ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት እንደማይችል አመልክቷል። የእንጦጦ ማዕከልም በግርጌው ያለው የአዲስ አበባ ብርሃን እየሰፋ መሄዱ ፈተና ሆኖበታል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እያደጉ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ መብራት ደግሞ ለነዋሪዎች ደኅንነት፣ ለጤና ተቋማትና ለንግድ አስፈላጊ ነው። መፍትሔው መብራትን ማጥፋት ሳይሆን በአግባቡ መትከል ነው። ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ የተከለለ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ያልደመቀና ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ የመንገድ መብራት መንገዱን በሚገባ ያበራል፤ ወደ ሰማይ የሚባክን ኤሌክትሪክም አይኖርም። ነዋሪዎች አዲስ የመንገድ መብራት ሲተከል ይህን አሳብ ለከተማቸው አስተዳደር ማቅረብ ይችላሉ።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

በምልከታ ምሽት ለመገኘት ክፍያ አለ? ክበባት ለሕዝብ የሚያዘጋጇቸው ምሽቶች በተለምዶ በነጻ ናቸው።

የሳይንስ ትምህርት ያልተማረ ሰው አባል መሆን ይችላል? ይችላል። መደበኛ ትምህርት መስፈርት አይደለም።

ሰማዩ ቢደምን ምን ይደረጋል? አዘጋጆቹ አስቀድመው ተለዋጭ ቀን ይወስናሉ፤ ለመጡት ተሳታፊዎችም በቤት ውስጥ ገለጻ ይሰጣል።

ማየት የተሳናቸው ዜጎች እንዴት ሊሳተፉ ይችላሉ? የጨረቃ ጎድጓዶችና የከዋክብት አቀማመጥ በሸክላ ወይም በካርቶን ላይ ጎልተው ተሠርተው በእጅ ዳሰሳ እንዲታወቁ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሞዴል መሥራት ራሱ ለተማሪዎች ጥሩ የክበብ ተግባር ነው።